ስልጠናው አልቆ ሰኞ ክፍል ሲገቡ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 2ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 60 ያህል ልጆች አሉ። አንዱ ሰሌዳ ላይ ያለውን አሳምሮ ይገለብጣል፤ የጻፈውን አንብብ ሲባል ግን አይችልም። አንዲት ልጅ ስጠራት ብዙ ጊዜ አትመልስም፤ አንዳንዴ ግን ትሰማለች። ሌላው ደግሞ ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፣ ሮጦም ይወጣል። ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት አጭር ስልጠና ወስጃለሁ። ስለ ሕጉና ስለ ችግሮቹ ዓይነት ተነግሮናል። ሰኞ ክፍል ስገባ ግን ከምን እንደምጀምር አላወቅሁም። የሴሚስተር ፈተናም እየደረሰ ነው። በሥራ ላይ ሆኜ ይህን ሙያ እንዴት ልማር? ባለሙያ ሳልሆን በማስተማሬስ እጎዳቸው ይሆን?»

ምላሽ፦

ውድ መምህርት፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ። በማስተማርዎ አይጎዷቸውም። ልጆቹን የሚጎዳቸው «ባለሙያ እስኪመጣ» ተብሎ ጥግ ይዘው መቀመጣቸው ነው። ባለሙያው ብዙ ጊዜ አይመጣም። ቢመጣም አንድ ጠዋት አይቷቸው ይሄዳል። እርስዎ ግን በየቀኑ አብረዋቸው ነዎት።

ስልጠናው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የችግሮቹን ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል። ግን የትኛውም ልጅ ዓይነቱን ግንባሩ ላይ ጽፎ ክፍል አይገባም። ስለዚህ መምህር ይህን ሙያ በዋናነት የሚማረው ከልጁ ጋር እየሠራ ነው። መሥራት ብቻውን ደግሞ አያስተምርም። ለሃያ ዓመት አንዱኑ ነገር ሲደጋግም የኖረ መምህር አለ። ሥራ ትምህርት የሚሆነው አንድ ነገር ለይተው ሲያዩ፣ አንድ ነገር ሲለውጡ፣ ከዚያም ምን እንደመጣ መልሰው ሲያዩ ነው። አጠገብዎ ሌላ መምህር አብሮ ቢያይ ደግሞ እጅግ ይሻላል።

ሦስቱንም ልጆች በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። በልጅቷ ይጀምሩ። የእሷ ጉዳይ ሐኪም የሚፈልግ ሊሆን ስለሚችል መቆየት የለበትም።

«አንዳንዴ ትሰማለች» ብለዋል። እንዲህ ያለችውን ልጅ ብዙ ሰው «ስትፈልግ ትሰማለች፣ እልኸኛ ናት» ይላታል። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ግን ይኸው «አንዳንዴ» ነው። በዚህ ዕድሜ መስማትን ከሚቀንሱ ነገሮች በጣም የተለመደው የመሃለኛው ጆሮ ሕመም ነው። ጉንፋን ሲይዛት ከጆሮ ታምቡር ኋላ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ መስማቷ ይቀንሳል። ፈሳሹ ሲጠፋ ተመልሳ ትሰማለች። ጆሮዋ የሚመግል ከሆነ ታምቡሩ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጆሮዋ ብቻ የምትሰማ ልጅም ተመሳሳይ ነገር ታሳያለች። በአንዱ ጎን ሲጠሯት ትዞራለች፤ በሌላው ጎን ሲጠሯት ዝም ትላለች።

ልጆቹ አቀርቅረው ሲጽፉ፣ ክፍሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ከኋላዋ ትንሽ ራቅ ብለው በተራ ድምፅ ይጥሯት። አንድ ቀን በቀኝ በኩል፣ ሌላ ቀን በግራ። ከፊቷ ሆነውም ይጥሯት። ሲናገሩ ከንፈርዎን ትከታተላለች? «ደብተር አውጡ» ሲባል መጀመሪያ ጎረቤቷን አይታ ነው ወይስ ወዲያው ነው እጇን ወደ ቦርሳዋ የምትሰደው? ይህ ምርመራ አይደለም። የሚመረምራት ሐኪም ክፍል ውስጥ አይኖርምና ለእሱ የሚሆን መረጃ ነው።

ከዚያ እናቷን ያነጋግሩ። የትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ሰው እየሰማ አይሁን። «ልጅቷ አትሰማም» ብሎ መጀመርም አያስፈልግም። ጆሮዋን አሟት ያውቅ እንደሆነ፣ ይመግል እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጉልኝ ትል እንደሆነ ይጠይቁ። ያዩትን ይንገሯቸውና ጤና ጣቢያ እንዲያሳዩአት ያግባቡ። ጤና ጣቢያው ካላረካ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሪፈር ማጻፍ ይቻላል። አንድ ነገር አደራ ይበሉልኝ፦ ሞቅ ያለ ዘይትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ጆሮዋ ውስጥ እንዳይጨምሩ። ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል።

ሐኪም እስኪያያት ክፍል ውስጥ የሚደረገው ብዙ ነው፤ ሳንቲም አያስወጣም። ወደ ሰሌዳው ዞረው እየጻፉ አይናገሩ። መስኮትን ከኋላዎ አድርገው አይቁሙ፤ ፊትዎ ይጨልምባታል። በተለይ የከሰዓት ፈረቃ ከሆኑ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ልብ ይበሉ። ገጹን ሲናገሩ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይም ይጻፉት። መቀመጫዋን በተመለከተ ሁልጊዜ የፊት ወንበር ልክ ነው ማለት አይደለም። የሚሰማው ጆሮዋ ቀኙ ከሆነ በግራ ግድግዳ በኩል ብትቀመጥ ቀኝ ጆሮዋ ወደ እርስዎና ወደ ክፍሉ ይሆናል። ደግሞም «ገባሽ?» ብለው አይጠይቋት። ትነቀንቃለች። ልጆች ሁሉ ይነቀንቃሉ። «ምን ሥሩ አልኩ?» ይበሏት። መልሷ ምን ያህሉ እንደደረሳት ይነግርዎታል።

ምርመራው መስማቷ በጣም ዝቅ ያለ መሆኑን ካሳየ መንገዱ ይለያል። ያኔ ዋናው ነገር የምልክት ቋንቋ ነው፤ ከንፈር እያየች ትከታተል ማለት አይበቃም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ሙሉ የትምህርት መስክ ነው። ሆሳዕና ላይም ለረጅም ዓመታት የቆየ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ። ግን ወደዚያ አንቸኩል። መጀመሪያ ጆሮዋ ይታይ።

አሁን ወደ ገልባጩ ልጅ። ልጁ ፊደሉን እያየ ይሥለዋል እንጂ አያነበውም። እጁና ዓይኑ ግን በደንብ ይሠራሉ ማለት ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ነገር ግን ቀድመው ያጣሩ። የሚገለብጠው ከሰሌዳው ነው ወይስ ከጎረቤቱ ደብተር? ከጎረቤቱ ከሆነ ዓይኑን መጠርጠር አለብን። አንድ ቀን ብቻውን ያስቀምጡትና አንድ መስመር ከሰሌዳ ያጽፉት፤ ወዲያው ይለያል።

ቀጥሎ የቤቱን ቋንቋ ይጠይቁ። ሐዋሳ ላይ ይህን ሳይጠይቁ ስለ አንድ ልጅ የመማር ችግር መናገር አይቻልም። በሲዳሙ አፎ ወይም በወላይትኛ አፉን የፈታ ልጅ አማርኛውን የሰማው ሰፈር ውስጥና ክፍል ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ታላቅ ወንድሙ በሲዳሙ አፎ የሚማር ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚያየው ደብተር በላቲን ፊደል የተጻፈ ነው። ቋንቋውን የሚችል መምህር ይፈልጉ። መምህሩ አጭር ተረት በልጁ ቋንቋ ይንገረው፤ ልጁም መልሶ ይንገር። ነገሩን ሳያዘበራርቅ ከተናገረ ማሰብና ማስታወስ አልከበደውም። ሥራው አማርኛውን በቃል ማስለመድ፣ ከዚያ ፊደሉን ማስከተል ይሆናል። በራሱ ቋንቋም ከተቸገረ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያንንም ይመዝግቡት።

ከዚያ ወደ ፊደሉ። 33 ፊደል በ7 ድምፅ ሲባዛ 231 ይሆናል። ይህ ልጅ ገበታውን በዜማ ሊወጣው ይችል ይሆናል። መሃል ላይ አንዱን ፊደል ነጥለው ሲያሳዩት ግን ይጠፋበታል። ስለዚህ ገበታውን ለጊዜው ይተዉት። አምስት ብቻ ይምረጡ፦ ሰ፣ ላ፣ ም፣ ማ፣ በ። ከእነዚህ ላም፣ ሰም፣ ሰማ፣ በላ፣ ማማ፣ ሰላም ይወጣሉ። የካርቶን ቁራጭ ላይ በትልቁ ይጻፏቸው። ሳምንቱን ሙሉ በቀን 10 ደቂቃ በእነዚህ ብቻ ይሥሩ። ልጁ ራሱ ካርዱን እያንቀሳቀሰ ቃል ይገንባ። የሚመሳሰሉትን፣ ለምሳሌ ሰ እና ሸን፣ ነ እና ኘን፣ በአንድ ሳምንት አያምጡበት።

አርብ ላይ ስድስቱን ቃላት ያስነብቡት። ስንቱን እንዳነበበ ይጻፉ። ሁለት ብቻ ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ፤ ሁሉንም ነገርም አይቀይሩ። አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ለምሳሌ ፊደሉን ከአምስት ወደ ሦስት ይቀንሱ። ወይም ካርዱን ወደ ጎን ያድርጉና በጆሮ ብቻ ይሥሩ፦ «ሰላም በምን ድምፅ ይጀምራል? ማማ ስንት ጊዜ ይጨበጨብለታል?» ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ከለወጡ የትኛው እንደረዳው አያውቁም። ይህን አጥብቄ የምናገረው መማርዎ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስድስቱንም ቢያነብ እርስዎ ስለዚህ ልጅ ማንም አሰልጣኝ ሊነግርዎ የማይችለውን ነገር ያውቃሉ ማለት ነው። ይህ ዕውቀት ለሚቀጥለው ዓመት ልጅም ይሆናል።

ሦስተኛውን ልጅ ምን እንደሆነ እኔ ከሩቅ ሆኜ ስም አልሰጠውም። እርስዎም አይስጡት። ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል። ለክፍል ሥራ ግን ስሙ አይቀድምም። የሚቀድመው ከጩኸቱ በፊት ምን እንደነበረ ማወቅ ነው።

በጩኸቱ ጊዜ ሁላችንም የምናየው ጩኸቱን ነው። እርስዎ ወደ ኋላ አንድ ደቂቃ ተመልሰው ይመልከቱ። ልጆቹ በአንድ ላይ ጮክ ብለው እያነበቡ ነበር? ደወል ተደውሎ ነበር? ወንበር እየተጎተተ ነበር? የሚያውቀው ሥራ ሳይነገረው ተቀይሮ ነበር? በየጊዜው ሦስት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ በፊት፣ ጊዜው ላይ፣ በኋላ። ማስታወሻው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ማክሰኞ፣ ሳይንስ። በኅብረት ሲያነቡ ጆሮውን ያዘ። ወጣ። ዛፉ ሥር ሲቀመጥ ዝም አለ።» ሳምንት ሲሞላ ገጹን ያንብቡት። ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ የሚመጣ ነገር ይገኛል።

ነገሩ የኅብረት ንባቡ ነው እንበል። እንግዲያው ከመጀመሩ በፊት ይንገሩት። በቃል ካልገባው በሥዕል ያሳዩት፤ የዕለቱን ቅደም ተከተል በአራት ትንንሽ ሥዕሎች ጠረጴዛው ላይ መለጠፍ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ትልቅ ዕረፍት ነው። መቀመጫውን በሩ አጠገብ፣ ከክፍሉ መሃል ራቅ ያድርጉት። መውጣቱንም ሥርዓት ያስይዙለት። የሚያሳይዎ ካርድ ይኑረው፤ የሚሄድበት ቦታ አንድ ይሁን፤ ዘበኛውም ይወቀው። እየሮጠ ወደ አስፋልት ከሚወጣ ፈቅደውለት ዛፉ ሥር ቢቀመጥ ይሻላል። ሲጮኽ አይያዙት፣ አይቆጡት፣ ብዙም አይናገሩት። ያን ጊዜ የእርስዎም ድምፅ አንድ ተጨማሪ ጩኸት ነው። ልጆቹ እንዳይስቁበት አስቀድመው ያናግሯቸው። የ2ኛ ክፍል ልጆች «ጩኸት ያመዋል» ሲባሉ ይገባቸዋል።

ቤተሰቡን ሲያነጋግሩ ምናልባት ጸበል ወይም ጸሎት ቤት እየወሰዱት እንደሆነ ይሰማሉ። ተቃውመው አይነሱ። ከእምነታቸው ጋር ከተጣሉ ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ያም ይቀጥል፣ ሐኪምም ይየው፣ ትምህርቱም አይቋረጥ። እናቲቱ በአስተዳደግ ጥፋት ወይም በእርግማን እንዳልመጣ ከእርስዎ አፍ ቢሰሙ ደግሞ ሸክማቸው ይቀልላል። አዲስ አበባ ያለውን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ። እናት ስለ ልጇ የምታውቀውን አሳንሰው አይዩ። ቤት ውስጥ ሠርግ ወይም ለቅሶ ሲኖር ልጁን በምን እንደምታረጋጋው ይጠይቋት። መልሱ ክፍል ውስጥም ሊሠራ ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የትኛውም ልጅ ቀድሞ ይናገር የነበረውን እያጣ ከሄደ፣ ወይም ዓይኑ ፈዝዞ ለአፍታ ራሱን የሚስት ከመሰለ፣ ክፍል ውስጥ ሙከራ የሚደረግበት ጊዜ አይደለም። በቶሎ ሐኪም ቤት ይሂድ።

«60 ልጅ ይዤ ይህን ሁሉ መቼ?» ይሉኛል። እውነትዎን ነው። ለዚህ ነው በአንድ ጊዜ በአንድ ልጅ የምልዎ። የተቀሩት ሁለቱ ይረሱ ማለቴ አይደለም፤ ትኩረት ተሰጥቷቸው የሚጠኑበት ተራ ይደርሳል። ደግሞም ፊትዎን ወደ ክፍሉ አዙረው መናገርዎ፣ የገጹን ቁጥር መጻፍዎ፣ የዕለቱን ቅደም ተከተል ማሳየትዎ ለሁሉም ልጅ ይጠቅማል። 10 ደቂቃዋን ሌሎቹ ሲጽፉ ያገኟታል። ጓደኛ አብሮ ማስቀመጥም ጥሩ ነው፤ ግን በየሳምንቱ ይቀያየር። ጎበዟን ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሞግዚት ማድረግ እሷንም መበደል ነው።

አሁን ብዙ መምህራን የማይጠቀሙበትን ነገር ልንገርዎ። ሁላችሁም ሲፒዲ የምትሉት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል። በብዙ ትምህርት ቤት ይህ ሰዓት ፖርትፎሊዮ የሚባለውን የሥራ ማስረጃ ማኅደር ለመሙላት ይባክናል። አንዱ የአንዱን ይገለብጣል። ያንን 60 ሰዓት ለእነዚህ ሦስት ልጆች ያውሉት። የዩኒት መሪዎን ያስፈቅዱና ከሁለት ባልደረቦች ጋር ይጣመሩ። አብራችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ አቅዱ። እርስዎ ሲያስተምሩ ሁለቱ ይዩ። የሚያዩት ግን እርስዎን ሳይሆን በተራው የሚጠናውን ልጅ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። በእኛ ትምህርት ቤቶች ክፍል ገብቶ መታየት ከሥራ አፈጻጸም ነጥብ ጋር ስለተያያዘ መምህሩ ሰው ሲገባበት ይጨነቃል። ሁለቱ ዓይናቸውን ልጁ ላይ ካደረጉ ጭንቀቱ ይቀንሳል። እርስዎ ጀርባዎን ሲሰጡ ልጁ ምን እንዳደረገም ይነግሩዎታል። ያንን እርስዎ ብቻዎን በፍጹም ሊያዩት አይችሉም። ከክፍል በኋላ ሻይ እየጠጣችሁ 15 ደቂቃ ተነጋገሩ፤ የሚቀጥለውን አንድ ለውጥ ወስኑ።

በየዓመቱ የምትጠየቁት ተግባራዊ ጥናትም ከዚህ ሌላ አይደለም። ስለ ተማሪዎች ማርፈድ መጠይቅ ከመበተን ይልቅ ከሦስቱ የአንዱን ልጅ የስምንት ሳምንት ማስታወሻ ያቅርቡ። ምን አየሁ፣ ምን ለወጥኩ፣ ምን ሆነ። ስሙን ግን ይደብቁ፤ ደብተሩንም መምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ላይ ጥለው አይሂዱ። ደብተሩ ውስጥ «ሰነፍ»፣ «ዘገምተኛ» የሚል ቃልም አይግባ። በዓይንዎ ያዩትን ብቻ ይጻፉ።

ሌሎች ሲሠሩ ማየትም ያስተምራል። ትምህርት ቤታችሁ ወይም ጉድኝታችሁ (አብረዋችሁ የሚሠሩት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች) ውስጥ ሪሶርስ ሴንተር የሚባለው የድጋፍ ማዕከል ካለ ግማሽ ቀን ገብተው ይቀመጡ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያስተምሩና የሚማሩ ሰዎች አሉ፤ በርዕሰ መምህርዎ በኩል ደብዳቤ ይጻፉላቸው። ከእናንተ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው ሻሸመኔ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ ዓይኗን በልጅነቷ ካጣች በኋላ የተማረችው እዚያ በነበረው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ልምድ ያለባቸው ቦታዎች ሁሉ አዲስ አበባ ብቻ አይደሉም።

ስለ ሕጉ አጭር ልበል፤ ስልጠናው ነግሮዎታል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብላ አጽድቃለች። አንቀጽ 24 የትምህርት ጉዳይ ነው። ልጆቹ እዚያ ክፍል የተቀመጡት በመብታቸው ነው። ይህ ማለት ደግሞ ኃላፊነቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ርዕሰ መምህሩና የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድርሻ አላቸው። ከደብተርዎ ላይ የተጻፈ ማስረጃ ይዘው ሲሄዱ በቃል ከሚነገር ስሞታ የተሻለ ይሰማሉ።

ፈተናውን በተመለከተ፣ የሳይንስና የሒሳብ ጥያቄው ማንበብን የሚፈትን ካልሆነ ገልባጩን ልጅ በቃል ይጠይቁት፤ መልሱን እርስዎ ይጻፉለት። ስለ ውሃ የሚያውቀውን «ውሃ» የሚለውን ቃል ማንበብ ስላቃተው አይጣው። ይህን አስቀድመው ለርዕሰ መምህሩ ያሳውቁ፤ በኋላ «አዳላች» እንዳይባሉ። ሦስተኛውን ልጅ ጸጥ ያለ ቦታ፣ ምናልባት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከአንድ መምህር ጋር ይፈትኑት። ለልጅቷ መመሪያውን ከፊቷ ቆመው ይንገሯት፤ የቃል ጽሕፈት ካለ አጠገቧ ሆነው ያጽፏት። የጆሮ ምርመራዋ ውጤት ሲደርስ ይጻፉልኝ፤ ቀጥሎ የት ትቀመጥ፣ በምን መንገድ ትማር የሚለው በእሱ ላይ ነው የሚወሰነው።